ስለ ልጆች የራግቢ ሊግ ጨዋታና ስለ መከባበር የተነገረ ቃል



በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ስለ ልጆች ጨዋታ መናገር ለአንዳንዱ ሰው እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። «ጨዋታ የልጅ ነው፤ ለልጅ ይተው» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን ልጅ ሲጫወት የተመለከተ ሰው፥ ያ ልጅ ነገ ምን ዐይነት ሰው እንደሚወጣው ከወዲሁ ያያል። ከሜዳው ዳር ቆመው የሚጮኹትን ትልልቆች የተመለከተ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ልጁ ጠባዩን ከማን እንደ ተማረው ጭምር ያውቃል። ስለዚህ ይህ ንግግር ስለ ልጆች ነው ቢባልም ከእኩሌታው የሚበልጠው ለአባቶችና ለእናቶች ነው።

የሚነገርለት ጨዋታ ራግቢ ሊግ ይባላል። በሰሜን እንግሊዝ፥ በአውስትራልያ ምሥራቅ፥ በኒው ዚላንድና በፓፑዋ ኒው ጊኒ እጅግ የተወደደ ነው። ከኢትዮጵያ ወጥተው በእንግሊዝና በአውስትራልያ ከተሞች የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ልብሳቸው ጭቃ ለብሶ፥ ጕልበታቸው ተልጦ፥ ፊታቸው ግን በደስታ አብርቶ ቢያዩ «ይህ ምን ዐይነት ጨዋታ ነው፥ ጠብ ነውን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ መልሱ ግን በአንድ ቃል አያልቅም። ከዚህ በኋላ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅ።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዮርክሽርና በላንካሽር አውራጃዎች ራግቢ ከሚጫወቱት ብዙዎቹ የከሰል ድንጋይ ቈፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ሠራተኛው ቅዳሜ ለጨዋታ ሲወጣ የዚያን ሰዓት ደመወዙን ያጣ ነበር። ማኅበሮቻቸውም የቀረበትን ደመወዝ ብቻ ለመተካት ፈቃድ እንዲሰጣቸው በ1893 ለጠቅላላው የራግቢ ማኅበር አሳብ አቀረቡ። ጠቅላላው ማኅበር ግን ጨዋታ በገንዘብ መነካት የለበትም ብሎ እንቢ አለ። ጠግቦ የሚያድር ሰው ገንዘብን መናቅ ምንጊዜም ይቀለዋል። ስለዚህ ኦገስት 29 ቀን 1895 ሐደርስፊልድ በምትባል ከተማ ጆርጅ በሚባል ሆቴል ውስጥ ጉባኤ ተደርጎ 22 ማኅበሮች ለብቻቸው የሰሜን አንድነት የሚባለውን አቋቋሙ። ለተጫዋቹ የሚተካለትም ገንዘብ በቀን ከስድስት ሺሊንግ እንዳይበልጥ ወሰኑ። በ1906 የተጫዋቹን ቍጥር ከዐሥራ አምስት ወደ ዐሥራ ሦስት ዝቅ አደረጉ፤ በ1922ም ራግቢ ሊግ የሚለውን ስም ያዙ። ቀዳማዊው ማኅበር በበኩሉ ከሰሜኖቹ ጋር የተጫወተውን ሰው ሁሉ ከሜዳው አገደ፤ ያም በር እስከ 1995 ድረስ እንደ ተዘጋ ቈየ።

ይህ ታሪክ እዚህ መነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ጨዋታው የተወለደው የድኻን ሠራተኛ ላብ ማክበር ይገባል ከሚል ክርክር ነው። በስድስት ሺሊንግ ክብር የተወለደ ጨዋታ ዛሬ ልጆችና ዳኞች የሚዋረዱበት ሜዳ ቢሆን፥ አባቶቹን የካደ ልጅ ይባላል።

አሁን ስለ አጨዋወቱ ጥቂት ይነገር። ዐሥራ ሦስት በዐሥራ ሦስት ሆነው ይጋጠማሉ። ኳሷ እንደ እንቍላል ሞላላ ናት፤ በእጅ ወደ ጎንና ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አትወረወርም። ኳስ የያዘውን ልጅ ባላጋራው ወገቡን ወይም እግሩን ይዞ ይጥለዋል። ከጣለው በኋላ ግን ፈጥኖ ሊለቀው ይገባል። የወደቀው ተነሥቶ ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ ለወገኑ ይገፋታል፤ የተከላካዩም ወገን ከፊቱ ከሚቆሙት ጥቂቶች በቀር ዐሥር ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። ስድስት ጊዜ ከተያዙ በኋላ ኳሷ ለሌላው ወገን ትሰጣለች። ኳሷን ከባላጋራው መስመር ባሻገር መሬት ያስነካ አራት ነጥብ ያገኛል። ራስንና አንገትን መያዝ ግን ፈጽሞ ክልክል ነው።

አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገነዘባል። አንዱ ሌላውን በሙሉ ኀይሉ ይጥለዋል፥ ወዲያውም ይለቀዋል፥ የወደቀውም ያለ ቂም ይነሣል፤ ይህም በአንድ ጨዋታ ውስጥ በብዙ መቶ ጊዜ ይደጋገማል። በሌላ ጨዋታ ቍጣ ሲመጣ ባላጋራን መግፋትና መጣል ሕግ ማፍረስ ነው። በዚህኛው ግን መጣሉ ራሱ የተፈቀደ ስለ ሆነ፥ በጀግንነትና በጭካኔ መካከል ያለው ድንበር እንደ ክር የቀጠነ ነው። ዳኛው ሁለት ዐይን ብቻ ነው ያለው፤ ከተነባበሩት ልጆች በታች ማን ማንን በክርኑ እንደ መታ፥ ማንስ ጣት እንደ ጠመዘዘ ሁልጊዜ አያይም። ያን ድንበር የሚጠብቀው የልጁ የራሱ ልቡና ነው። ስለዚህ መከባበር በዚህ ጨዋታ ላይ እንደ ጌጥ ከውጭ የሚደረብ ነገር አይደለም፤ እርሱ ከሌለ ጨዋታው ጠብ ሆኖ ይቀራል።

ለሕፃናቱ ሜዳው ይጠብባል፥ ሰዓቱ ያጥራል፥ የተጫዋቹም ቍጥር ያንሳል። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚገባው ነገር ግን የዳኛው ነገር ነው። በልጆች ጨዋታ ላይ ፊሽካውን የያዘው ብዙ ጊዜ ራሱ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ዐሥራ አራት ወይም ዐሥራ አምስት ዓመት የሆነ፥ ትናንት ሲጫወት የነበረ፥ ዛሬ ደግሞ ዳኝነት የሚማር። ይህ ልጅ ቅዳሜ ጧት በብርድ ተነሥቶ ወደ ሜዳ ይወጣል። አንድ ጊዜ የተሳሳተ እንደ ሆነ ባለ ጢምና ባለ ልጅ የሆነ ሰው ከመስመሩ ዳር ይጮኽበታል፥ ይሰድበዋል፥ አንዳንዴም ጨዋታው ካለቀ በኋላ እየተከተለ ያስፈራራዋል። ልጁ ሁለት ሦስት ሳምንት ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላ ፊሽካውን ለማኅበሩ መልሶ በቤቱ ይቀራል። በእንግሊዝም በአውስትራልያም የዳኛ ማነስ የጨዋታው አስተዳዳሪዎች የዘወትር ኀዘን ነው። ዳኛ የሌለው ጨዋታ ደግሞ አይደረግም፤ ስለዚህ በዳኛው ላይ የጮኸ አባት የገዛ ልጁን ጨዋታ እያፈረሰ መሆኑን አያውቅም።

የቅኔ ቤት ልማድ እዚህ ላይ ትዝ ይላል። ተማሪው ሌሊት ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር ይሳሳታል፤ ቤቱ ይጎድልበታል፥ ምሥጢሩ ይፈርስበታል። መምህሩ ያርመዋል፥ ተማሪውም ተመልሶ ይቈጥራል። ቅኔው ፈረሰ ተብሎ ግን የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ አይጮኽበትም። ጮኾበት ቢሆን ኖሮ በየደብሩ ዛሬ ቅኔ የሚያውቅ ሰው አይገኝም ነበር። ያ ፊሽካ የያዘ ልጅም እንዲሁ ተማሪ ነው፤ አራሚው በዳኝነት የቀደመው መምህሩ ነው እንጂ የተጫዋቹ አጎት አይደለም።

ደግሞስ ኢትዮጵያዊ ሰው ዳኛን ማክበር ከማን ይማራል? በጥንቱ ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ፥ አላፊውን ሽማግሌ ይዘው «ዳኘን» ይሉት ነበር። ያ ሰው ሹመት የለውም፥ ዘብ የለውም፥ ምናልባትም ድኻ ገበሬ ነው፤ ዳኛ ከተባለ ግን ይሰሙታል። በችሎትም ባለ ጕዳዩ በተራው ይናገራል እንጂ ዘመድ ሁሉ በአንድ ጊዜ አያወራም። በራግቢ ሊግም ሥርዐቱ እንደዚሁ ነው፤ ዳኛውን ለማነጋገር የተፈቀደለት የቡድኑ አለቃ ብቻ ነው፥ እርሱም በትሕትና ነው። ሁለት ሰዎች ዱላ ቢማዘዙም አንዱ «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ የተነሣው ዱላ ባለበት ይቆም ነበር። የዳኛው ፊሽካ ለእነዚያ ልጆች «በሕግ አምላክ» ማለት ነው። ልጁ ፊሽካውን ሰምቶ ሲቆም፥ ከኋላው ያለው አባት ግን መጮኹን ካላቆመ፥ ከሁለቱ ሕግ ዐዋቂው ማን ነው?

አንዳንዱ ሰው የገናን ጨዋታ ጠቅሶ ይከራከር ይሆናል። በገና ጨዋታ ዳኛ አልነበረም፤ ስድቡም፥ ሽሙጡም፥ በጌታው ላይ መቀለዱም ለዚያ ቀን የተፈቀደ ነበር፥ ጌታውም አይቈጣም። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ስድብ ቀን ተወስኖለት፥ ከታናሹ ወደ ታላቁ የሚወጣ ነበር። ታላቁ ታናሹን፥ ሰውዬው ሕፃኑን እንዲያዋርድ ገና አልፈቀደም። ከሜዳው ዳር የሚሰማው ጩኸት ግን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ነው።

ስለዚህ በሁለቱም አገር የጨዋታው አስተዳዳሪዎች አንድ ብልሃት አበጁ። በየልጆቹ ጨዋታ ላይ ቀለሙ ከሩቅ የሚታይ ሰደርያ የለበሰ ሰው በሜዳው ዳር እንዲቆም አደረጉ። በእንግሊዝ የመስመር ዳር አስተናባሪ፥ በአውስትራልያ የሜዳ አስተናባሪ ይሉታል። ሥራው መቅጣት ሳይሆን አስቀድሞ ማብረድ ነው። የሚጮኸውን ሰው ቀርቦ በለሰለሰ ቃል ያናግረዋል፤ እንቢ ያለ እንደ ሆነ ወደ ማኅበሩ ያመለክታል፥ ማኅበሩም ያን ሰው ከሜዳ ሊያግደው ይችላል። ይህ ሰው ደመወዝ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ከወላጆች አንዱ ነው። አንድ ሰበካ ሲያስተናግድ እንግዳ ተቀባይና ሥርዐት አስከባሪ እንደሚያቆም የሚያውቁ ምእመናን፥ ልጆቻቸው በሚጫወቱበት ማኅበር ይህን ሰደርያ ለመልበስ ቢነሡ የሚያፍሩበት ሥራ አይደለም። እስካሁን ብዙዎቹ ልጁን ከሜዳው አድርሰው በመኪናቸው ውስጥ መቀመጥን ይመርጣሉ።

ስለ መኪናም ከተነሣ አንድ ነገር ይነገር። ጨዋታው አልቆ ወደ ቤት የሚኬድበት መንገድ ለብዙ ልጅ ከጨዋታው ይልቅ የሚከብድ ነው። ልጁ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሳይፈታ፥ አባቱ ከፊት ሆኖ «ያችን ኳስ ስለ ምን ጣልሃት? ያን ልጅ ስለ ምን አመለጠህ?» እያለ ይመረምረዋል። ልጁ ኳሷን መጣሉን ከማንም ይልቅ ያውቃል። የሚፈልገው ውኃና ዳቦ ነው። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ ከተመረመረ በአራተኛው ሆዴን አመመኝ ይላል፤ እናቱም እውነት መስሏት ጤና አዳም ታፈላለታለች።

የአሠልጣኙም ነገር ቀላል አይደለም። ብርቱውን ልጅ ብቻ እያሰለፈ ደካማውን ከወንበር ላይ የሚያስረጅ አለ፤ እርሱ ያሸንፍ ይሆናል፥ ነገር ግን ከወንበሩ የቀረው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም። የተሸነፈውን የልጆች ቡድን እየሣቀ ነጥብ በነጥብ ላይ የሚከምርበትም አለ። ሌላው ክፉ ነገር የራስ መመታት ነው። ልጁ ራሱን ተመቶ ዐይኑ ሲፈዝዝ፥ እግሩ ሲንገዳገድ እያየ «ጀግና ነው፥ ይቀጥል» የሚል አባት በየሜዳው ይገኛል። ሥርዐቱ ግን ግልጥ ነው፤ አንጎሉ መናወጡ የተጠረጠረ ልጅ ወዲያው ይወጣል፥ በዚያም ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፥ ከዚያም በኋላ የተወሰነውን ጊዜ ሳያርፍ አይጫወትም። በዚህ ነገር ከአሠልጣኙ ወይም ከዳኛው ጋር መከራከር በልጅ አንጎል ላይ መወራረድ ነው።

እስካሁን ስለ ክፉው ብዙ ተባለ፤ መልካሙም ይነገር። ኦገስት 24 ቀን 1963 በሲድኒ ከተማ ሰይንት ጆርጅና ዌስተርን ሰበርብስ የሚባሉ ሁለት ቡድኖች ለመጨረሻው ዋንጫ ተጋጠሙ። ዝናም ሜዳውን ረግረግ አድርጎት ነበርና ተጫዋቾቹ ከጭቃው የተነሣ አንዱ ከሌላው አይለይም ነበር። ሰይንት ጆርጅ 8 ለ 3 አሸነፈ። በመጨረሻው ፊሽካ የአሸናፊው አለቃ ኖርም ፕሮቫን፥ ቁመቱ እንደ ዝግባ የረዘመው፥ ከተሸናፊው አለቃ ከአጭሩ ከአርተር ሰመንስ ጋር ተቃቀፈ፤ ሁለቱም ከራስ እስከ እግር ጭቃ ነበሩ። ጆን ኦግሬዲ የሚባል የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ያችን ቅጽበት አነሣት። ሥዕሏ ዓለምን ዞረች፤ በ1982 በነሐስ ተቀርጻ የአውስትራልያ የራግቢ ሊግ ዋንጫ ሆነች፤ ከ2013 ጀምሮም ዋንጫው በሁለቱ ሰዎች ስም ይጠራል።

ነገር ግን የሥዕሏ ወርቅ ከሰሟ ይለያል። ያያት ሁሉ ሁለቱ እየተመሰጋገኑ ነው ይላል። ሰመንስ ግን በኋላ ዘመን እንደ ተናገረው፥ በዚያች ሰዓት ልቡ በዳኛው ፍርድ ተቃጥሎ ነበር። ፕሮቫን ሹራብ እንለዋወጥ ሲለው እንቢ ብሎታል። እንግዲህ በዚያች ሥዕል ውስጥ ያለው የተቈጣ ሰው ነው፤ የተበደለ የመሰለው ሰው ነው፤ እንዲያም ሆኖ ክንዱን ከባላጋራው ጀርባ አላነሣም። ለልጆች የሚጠቅማቸው ይህኛው ታሪክ ነው። አትቈጡ ቢባሉ አይሆንላቸውም፤ ተቈጥቶ እጁን የሰበሰበ ሰው ግን ማሳየት ይቻላል። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ እስከ እርጅናቸው ወዳጆች ሆነው ኖሩ፤ ሰመንስ በ2020፥ ፕሮቫን በ2021 ዐረፉ።

ከኢትዮጵያ ለመጡ ወላጆች ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለ፤ ይኸውም ልጁ በሜዳ ላይ ስለ መልኩ ጥቍረት የሚሰማው ስድብ ነው። ይህ በምስጢር የሚያዝ ነገር አይደለም። ልጁ በጡጫ እንዳይመልስ፥ ዝም ብሎም እንዳይውጠው ማስተማር ይገባል፤ ለአሠልጣኙና ለዳኛው በዚያው ሰዓት ይንገር፥ ወላጁም ለማኅበሩ በጽሑፍ ያመልክት። ጨዋታው ራሱ በዚህ ረገድ የሚያኮራም የሚያሳፍርም ታሪክ አለው። ቢሊ ቦስተን በ1934 በካርዲፍ ተወለደ፤ አባቱ ከሴራ ሊዮን የመጣ ነበር። በ1953 ለዊጋን ፈርሞ ለዚያ ማኅበር ብቻ 478 ጊዜ ኳሷን ከመስመሩ ባሻገር አስነካ። በ1957 ግን የብሪታንያ ቡድን ከአውስትራልያ ሲመለስ ጨዋታ ለማሳየት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲያልፍ፥ የዚያ አገር የዘር ሕግ ጥቍር ሰው አያስገባም ነበርና ቦስተን ጓደኞቹን ተለይቶ ብቻውን ወደ አገሩ ተመለሰ። ጓደኞቹ ሄደው ተጫወቱ። ጨዋታው ለሰው ክብር የተወለደ ነው የሚል ሁሉ ይህን ማስታወስ አለበት። በ2025 የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ከንጉሡ የሰር ማዕርግ ተቀበለ፤ በራግቢ ሊግ በ130 ዓመት ውስጥ ለተጫዋች ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር።

ክላይቭ ሱሊቫንም እንደ እርሱ የካርዲፍ ልጅ፥ ጥቍር ሰው ነበር። በ1972 የብሪታንያ ቡድን አለቃ ሆኖ የዓለምን ዋንጫ አነሣ። ሀል በምትባል ከተማ ሁለት ማኅበሮች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ፉክክር ቤተ ሰብ እስከ መለየት ይደርሳል። ሱሊቫን ለሁለቱም ተጫውቷል፥ ሁለቱም ይወዱት ነበር። በ1985 ገና በአርባ ሁለት ዓመቱ ሲሞት ከምዕራብ ወደ ከተማዪቱ የሚያስገባው ትልቅ መንገድ በስሙ ተጠራ። የሁለቱም ማኅበር ደጋፊ እስከ ዛሬ በዚያው መንገድ ይገባል።

የመጨረሻው ነገር የቅርብ ጊዜ ነው። ሮብ በሮው በሊድስ ከተማ ይጫወት ነበር፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ብቻ ስለ ነበረ ለዚህ ጨዋታ ታናሽ ነህ ያላሉት ጥቂቶች ናቸው። እርሱ ግን ከሊድስ ጋር ስምንት ጊዜ የአገሩን ሻምፒዮንነት አገኘ፤ በ2017ም ጨዋታ አቆመ። በዲሴምበር 2019 ሰውነትን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች እየሞቱ የሚሄዱበት መድኀኒት ያልተገኘለት በሽታ እንደ ያዘው ተነገረው። በመጀመሪያ ንግግሩ፥ ቀጥሎ እግሩ ተያዘ። የቀድሞ አለቃው ኬቪን ሲንፊልድ በዲሴምበር 2020 በሰባት ቀን ውስጥ ሰባት ማራቶን ሮጠ፤ ሰባት ማለቱ የበሮው የሹራብ ቍጥር ሰባት ስለ ነበረ ነው። ለዚያ ሥራ የተሰበሰበው ገንዘብ ከሁለት ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር፤ በሜዳ የበሮውን ስም ሲጠሉ የኖሩ የሌሎች ማኅበሮች ደጋፊዎችም አዋጡ።

ሜይ 14 ቀን 2023 በሊድስ ከተማ በበሮው ስም የተጠራ ማራቶን ተደረገ። ሲንፊልድ ወዳጁን በተሽከርካሪ ወንበር አስቀምጦ አርባ ሁለቱን ኪሎ ሜትር እየገፋ ሮጠ። መጨረሻው መስመር ጥቂት ሲቀረው ወንበሩን አቆመ። ጎንበስ ብሎ በሮውን በሁለት ክንዱ ታቀፈው፥ ሁለቱ አብረው መስመሩን አለፉ፥ ሲንፊልድም ሳመው። በሮው በሚቀጥለው ዓመት ጁን 2 ቀን በአርባ አንድ ዓመቱ ዐረፈ። የሊድስ ልጆች በዚያ ሳምንት አበባቸውንና ሹራባቸውን ይዘው ወደ ሜዳው በር ሲመጡ፥ የሌሎች ማኅበሮችን ሹራብ የለበሱ ልጆችም አብረዋቸው ነበሩ።